ስንት ልጻፍልህ?

የአጎቴ ቪትዝ ዳሽቦርድ የሞተው በእኔ እጅ ነው። ይህን መጀመሪያ ልናዘዝ፤ ምክንያቱም ወደ ታች ስትወርዱ የምጽፈው ነገር ብልህ ሊያስመስለኝ ይችላል።

ችግሩ ሲጀምር ትንሽ ነበር። መኪናዋ ሞቅ ሲላት፣ ከሐውልቲ ወደ ዓይደር ግማሽ መንገድ ሳልደርስ፣ የፍጥነቱ ቁጥር ይደበዝዝና ድርግም ይላል። በመዳፌ መታ ሳደርገው ይመለሳል። የመጀመሪያውን ትውልድ ቪትዝ የነዳ ሰው ይህን ዳሽቦርድ ያውቀዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ቆጣሪዋ ከመሪው ኋላ ሳይሆን መኪናዋ መሀል ላይ ነበር የተሰካው። አንዳንዶቹ በመርፌ ይሠራሉ፤ የእኛዋ ግን በሚያበሩ ቁጥሮች ነው። ፍጥነቱም፣ ነዳጁም፣ እስከዛሬ የሄደችው ኪሎ ሜትርም እዚያችው አንድ ሳጥን ውስጥ ነው።

አንድ ልጅ አየውና «ብየዳው ተሰነጣጥቋል» አለኝ። ለዓመታት በሙቀትና በንዝረት ሲመታ የኖረ ሰርኪት ላይ የዕቃዎቹን እግር ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ሊድ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲመታ ይገናኛል። መድኃኒቱ እንደገና ማቅለጥ ነው። 4 ሺህ ብር ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ዩቲዩብ ስመለከት አደርኩ።

ቪዲዮው በማላውቀው ቋንቋ ነው። ለእጅ ሥራ ቋንቋ ምን ያደርጋል ብዬ ቀጠልኩ። ሰውዬው የሆነ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ጣቱን እያወዛወዘ ረጅም ነገር ይናገራል፤ ያንን ክፍል አሳልፌ ነው ያየሁት። አሁን ሳስበው «ይህን ሳታረጋግጥ እንዳትሰካው» እያለ ይሆናል።

እሁድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ካቻቪቴ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ርካሽ ማበየጃና ጥቅል ሊድ ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ነጥቦች አምረው ወጡ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ሰባተኛው ላይ ማበየጃውን አብዝቼ አቆየሁትና ከሥሩ ያለው የመዳብ መስመር እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተላጠ። በቀጭን ሽቦ ላገናኘው ስታገል አንዲት የሊድ ጠብታ ሁለት እግሮች መሀል ወድቃ ቀርታለች፤ አላየኋትም። መልሼ ሰካሁት፣ ቁልፉን አዞርኩ። ቁጥሮቹ በሙሉ ለአንድ ሰከንድ ቦግ አሉ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ያንን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ጨለማ።

አያቴ ከደጃፉ ሆነው «ተሠራልህ?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳቸው። የዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ውሸት እሷ ናት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ግን ለምን ሞከርኩት? 4 ሺህ ብሩ እውነት ነው፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። መቀሌ የኖረ የእኔ ዕድሜ ሰው ሌላም ምክንያት አለው። ከሰኔ 2013 ማብቂያ ጀምሮ ከተማችን ባንክ፣ ስልክና ነዳጅ የተቋረጠባት ከተማ ነበረች። አገልግሎቶቹ አንድ በአንድ መመለስ የጀመሩት ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። በዚያ መሀል ሁላችንም ጠጋኝ ሆነን ነበር። ከዚችው ቪትዝ ባትሪ ነቅዬ ቤት ውስጥ መብራት ሠርቼበታለሁ፤ የተበጠሰ ጫማ በሽቦ ሰፍቻለሁ። የሠራልኝ ነገር ሁሉ ክብር ነበር፤ ያልሠራውም አያሳፍርም፣ ዕቃው ቀድሞውኑ ሞቷላ! እጄ ያኔ የለመደውን ድፍረት ሰላም ሲመጣ አልጣለውም። ዳሽቦርዱ ግን የሞተ ዕቃ አልነበረም፤ የታመመ ነበር። የሞተ ነገር የሚነካካና የታመመ ነገር የሚነካካ ሰው አንድ ዓይነት ኃላፊነት የለባቸውም። ልዩነቱ የገባኝ ከሽታው በኋላ ነው።

መኪናዋ የእኔ ብትሆን ነገሩ እዚህ ባለቀ። የእናቴ ወንድም ናት ባለቤቷ፤ ጦርነቱ ሲጀመር አዲስ አበባ ነበር፣ እሱ እዚያ ቀረ፣ እሷ እዚህ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና፣ ጎማዋ ተንፍሶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆመች። በ2015 ማብቂያ ላይ እኔ አስነሳኋት፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ነበርኩ የምነዳት። በ2017 አጎቴ ደወለና «ሽጣት፤ ለእማዬ ጉልበት ይሁን» አለኝ። አያቴ ጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ እንኳ ዋጋዋ አልቀመስ ብሏል። ስለዚህ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ቁጥሩ ቦግ ብሎ እንዲታይ ፈለግሁ። ጥገናው ለመኪናዋ ጤና ሳይሆን ለዓይን ነበር ማለት ነው። ይህንንም ልናዘዝ።

ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጎማ ቤት አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ የነበሩ፣ አሁን የመኪና ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ ሰው እዚያ ይገኛሉ። ሁሉም «ኣያ» ይላቸዋል፤ እኔም። ሰሌዳውን በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩና «ማን ነው የነካው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ኣያ።»

ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንዲት ስምንት እግር ያላት፣ ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ጥቁር ቺፕ አሳዩኝ። መኪናዋ እስከዛሬ የሄደችው ርቀት የሚጻፈው እዚህች ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አትረሳም፤ ባትሪ ቢነቀል፣ መኪናው ዓመታት ቢቆም ቁጥሯን እንደያዘች ትቆያለች። የእኛዋም ይዛ ቆይታ ነበር። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ባትሪዋ ተነቅሎ፣ ከተማው ሁሉ ጨልሞ፣ እሷ ግን አንድም ዲጂት ሳትጥል ወጣች። እኔ ነኝ በአንድ እሁድ ጠዋት ያቃጠልኳት። በ5 ቮልት የምትሠራ ነገር በእኔ ጠብታ በኩል የባትሪው 12 ቮልት ገባባት። ኣያ ነቅለው ከላፕቶፕ ጋር አገናኟት፤ ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ፊደል ብቻ ተደርድሮ መጣ። «ባዶ ናት» አሉ።

መደርደሪያቸው ላይ ከተጋጨች ሌላ ቪትዝ የወጣ ዳሽቦርድ ነበራቸው። ሰኩት፣ አበራ። 112,306 ይላል። ዋጋውን ተነጋገርን፣ ተስማማን። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ ቀና ሳይሉ፣ በትግርኛ ጠየቁኝ፦

«ክንደይ ክጽሕፈልካ?»

ስንት ልጻፍልህ። ልክ ሻይ ቤት ስኳር ስንት ልጨምር እንደሚባለው። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥር ይናገራል፣ ይሄዳል። ደንበኞቻቸው ምን እንደሚሉ በኋላ ነገሩኝ፤ «ሁሉም ወደ ዜሮ መጠጋት ይፈልጋል፣ ዜሮ የሚል ግን የለም» አሉና ሳቁ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። እውነተኛውን ቁጥር አላውቀውማ! መኪናውን ሁለት ዓመት ገደማ ነድቼ፣ ቁጥሩ በየቀኑ ፊቴ ላይ እያበራ፣ አንድ ቀን ልብ ብዬ አንብቤው አላውቅም። ሁልጊዜ እዚያ ያለ ነገር እንዲህ ነው። ፊቱ ላይ «19» እንደነበረ አስታውሳለሁ። በኮፈኑ ሥር የተለጠፈ የዘይት ካርድ ላይ በአጎቴ ዘመን፣ በመስከረም 2013፣ 182,400 ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ እኔ ዘይት የቀየርኩት በግምት ነው። ስልኬ ውስጥ ፎቶ ፈለግሁ፤ የመኪናዋ ፎቶ ሞልቷል፣ የዳሽቦርዱ አንድም የለም። ስለዚህ ከ190 ሺህ በላይ፣ ከ200 ሺህ በታች። ከዚህ የጠበበ እውቀት በዓለም ላይ የትም የለም። ኣያን «ነገ እነግርዎታለሁ» ብያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ደላላው ሲሰማ ደስ አለው። «ምን ትጨነቃለህ? 112ቱን እንዳለ ተወው» አለኝ። «አንተ ቁጥር አልቀነስክም። ዕቃ ተበላሸ፣ ዕቃ ቀየርክ። ገዢው ከጠየቀህ ዳሽቦርዱ ተቀይሯል በለው፤ ካልጠየቀህ ምን አገባህ?» ልዩነቱን በብር ነገረኝ፤ 150 ሺህ። አያቴ ጉልበታቸውን እያሹ በሚያመሹበት ቤት 150 ሺህ ብር ቁጥር ብቻ አይደለም።

ክርክሩን ንቄ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ጠንካራ ክርክር ነው፣ ዕድሜውም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ዓመተ ዓለም፣ አቴንስ ለሚማር ልጁ ስለ ግዴታ መጽሐፍ ሲጽፍ ሦስተኛው ክፍል ላይ አንድ ነጋዴ ያመጣል። ሮድስ ደሴት ላይ ረሃብ ነው፤ ሰውዬው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ደርሷል። ከኋላው ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች እየመጡ እንደሆነ ያውቃል። ይናገር? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን እንዲህ ይላል፦ ሕግ ተናገር ያለህን ጉድለት ተናገር፣ ከዚያ ውጪ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም፤ ግዛ ብሎ ያስገደደው ማን አለ? አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢው ሁሉ ማወቅ አለበት ባይ ነው፤ መኝታ ቤቱ ሁሉ እባብ የሚወጣበትን ቤት ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው፣ መንገድ የጠፋውን መንገደኛ እያየ ከማያመላክት ሰው ይብሳል ይላል። የእኔ ደላላ ዲዮጋንን አንብቦ አይመስለኝም። ግን የተናገረው ቃል በቃል ለማለት የሚቀርበውን ነው።

ሕጋችንስ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚህ ያለው ጉድለት ሞተሩ ላይ አይደለም፣ ካምቢዮው ላይም አይደለም። መኪናዋ ትናንት እንደነበረች ናት። የጎደለው ስለ እሷ የምናውቀው ነው።

112,306ን መተው አልቻልኩም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን አያቶቻችን ለዚህ ያሉት አይመስልም፤ ግን ገጠመ። ያ ቁጥር እውነተኛ ነው፤ አንዲት መኪና በእርግጥ ሄዳዋለች። የተጋጨችው። እኔ ሳልዋሽ የሚዋሽልኝ እውነተኛ ቁጥር ማለት ነው። ደላላው ያልገባው፣ ወይም የገባውና ያለፈው፣ ዳሽቦርዱ ዝም የሚል ዕቃ አለመሆኑን ነው። ዝም ማለት የፈለገ ሻጭ ቢያንስ አፉን ይዘጋል። እዚህ ግን እኔ ዝም ስል ቁጥሩ ይናገራል፤ ቁልፍ በተዞረ ቁጥር፣ ለተቀመጠበት ሁሉ።

ከባዱ ጥያቄ ሌላው ነው። ለምን በቅን ልቦና ግምቴን አላስጽፍም? 195 ሺህ። መሀሉን። ኣያም በማግስቱ ያሉኝ ይህንኑ ነው፦ «195 ልጻፍልህ፣ ለገዢው በአፍህ ንገረው፣ በቃ።» ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ምክራቸውም የንጹሕ ሰው ምክር ነው። ሻጭ አይጠቀም፣ ገዢ አይጎዳ። ምን ቀረ?

ቀረብኝ እንጂ። ቪትሩቪየስ የሚባለው የሮማ መሐንዲስ መንገድ የሚቆጥር ሠረገላ በመጽሐፉ ገልጿል። መንኮራኩሩ 400 ጊዜ ሲዞር አንድ የሮማ ማይል ይሞላል፤ ያኔ ከላይ ካለው ሳጥን አንዲት ጠጠር የነሐስ ዕቃ ውስጥ ጠብ ትልና ድምፅ ታሰማለች። ማታ ጠጠሩን መቁጠር ነው። ይህን ሳነብ የገረመኝ ብልሃቱ ሳይሆን ለምን እንዳስፈለገ ነው። ሠረገላ ነጂውን «ስንት ሄድክ?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ጠጠሯ የገባችው ሰው ከመሀል እንዲወጣ ነው፤ ነጂው ቢሰክር፣ ቢረሳ፣ ቢጎርር ጠጠሩ ያው ነው። ከቆጣሪ የምንፈልገው ልክ የሆነ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልተናገረው ቁጥር ነው። 195,000 ብዬ ባስጽፍ ምናልባት ከእውነቱ በሁለት ሺህ ብቻ እርቅ ይሆናል። ግን የእኔ ግምት የጠጠርን ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። በአፌ «ይመስለኛል» ያልኩት ነገር ስክሪኑ ላይ ሲበራ «ይመስለኛል» የሚለው ቃል ይረግፋል፤ ስድስት ዲጂት ውስጥ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም። የድሮዎቹ የሚሽከረከሩ ቁጥሮች ሲነካኩ እንኳ ይንጋደዱ ነበር፣ ያሳብቃሉ። ይሄኛው ማንም ቢጽፍበት ያው አምሮ ነው የሚያበራው።

በዚህች ከተማ ደግሞ ማንም ያልቆጠረው ቁጥር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በጦርነቱ ስንት ሰው ሞተ ለሚለው የሚሰጡት ግምቶች እርስ በርስ በመቶ ሺዎች ይራራቃሉ። ከእነሱ አንዱን አንስቶ፣ ቆሞ እንደቆጠረ ሰው፣ በእርግጠኝነት የሚናገር ስሰማ ከቁጥሩ ይልቅ ድምፁ ነው የሚረብሸኝ። ይህን ከአንዲት ቪትዝ ጋር ማወዳደር ነውር ነው፤ አላወዳድርም። ግን ኣያ ላፕቶፑን ይዘው ሲጠብቁኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነበር፣ ምን ላድርግ።

በነገራችን ላይ የተቃጠለው ቁጥርም ቢሆን ቅዱስ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በላይ የቆመ ጎማ ይሰነጣጠቃል፣ ፍሬን ይዝጋል፣ ታንከር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ይበላሻል። ቆጣሪው ለዚያ ሁሉ ጊዜ የመዘገበው ዜሮ ነው። መኪናዋን በጣም ያስረጇት ዓመታት አንድ ኪሎ ሜትር አልጨመሩላትም። ይህ ግን የጠጠሩ ጥፋት አይደለም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም።

መፍትሔውን ያገኘሁት በሰው አገር ሕግ ውስጥ ነው። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ ኪሎ ሜትር ማጭበርበር ሕግ ስታወጣ የእኔን ዓይነቱን ጉዳይ አልዘነጋችም። ቆጣሪ ተጠግኖ ወይም ተቀይሮ የቀድሞውን ቁጥር ማሳየት ካልቻለ ዜሮ ላይ ይደረግ ይላል። በግራው በር ፍሬም ላይም ጽሑፍ ይለጠፍ፤ ከመጠገኑ በፊት የነበረው ርቀትና የተጠገነበት ቀን ይጻፍበት። ያንን ወረቀት ለማታለል ብሎ የሚያነሳ ሰውም ጥፋተኛ ነው። ሳነበው ደነገጥኩ ብል አላጋነንኩም። ሕግ አውጪዎቹ «ግምትህን ጻፍ» አላሉም። ዜሮ! ማንንም ሊያታልል የማይችል ብቸኛው ቁጥር። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ላይ ዜሮ ያየ ሰው ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ወረቀቱን ያገኛል። ስብራቱን ከመሸፈን ይልቅ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል፣ ግምቱንም ወደሚገባው ቦታ፣ ወደ ሰው ጽሑፍ ይመልሰዋል።

ኣያ ዜሮ ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ሥራ ከጀመሩ እንዲህ ያላቸው የመጀመሪያው ሰው እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብዬ በካርቶን ላይ ጻፍኩ፦ ይህ ቆጣሪ በግንቦት 2017 ተቀይሯል። በመስከረም 2013 የዘይት ካርድ ላይ 182,400 ተጽፎ ነበር። ሲቀየር ከ190 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ትክክለኛው ቁጥር ጠፍቷል።

አነበቡት። «ጠፍቷል?» አሉ። «በራሱ ጠፋ እንዴ፣ ወደይ?»

ፊቴ ጋለ። ያን ሁሉ ስለ ምስክርና ስለ ጠጠር ያሰብኩ ሰው፣ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ከመሀል ሹልክ ብዬ ወጥቻለሁ። ካርቶኑን ገልብጬ እንደገና ጻፍኩ። «ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ልጠግን ስሞክር አቃጠልኩት» አልኩና ስልክ ቁጥሬን ጨመርኩበት። ኣያ በላስቲክ ለብጠው በሹፌሩ በኩል... ማለት በግራ በኩል ባለው የበር ፍሬም ላይ ለጠፉት። ለዚህ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

አጎቴ በስልክ ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ። «ዜሮ? ሰው ምን ይላል? ቢያንስ 190 አትልም?» አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ያለው ነገር ውስጥ አንዱን እስካሁን መመለስ አልቻልኩም፦ «ያቃጠልከው አንተ፣ ሐቀኛ የምትሆነው አንተ፣ የምትቆየው እማዬ።» ልክ ነው። ገዢው ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ደላላው ከገመተው 150 ሺህ ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ 40 ሺህ አስቀነሰ፤ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው የከፋውን ነው የሚያስበው፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። የአያቴ ቀጠሮ ወደ መስከረም ተገፋ። እኔ ያጠፋሁትን በገንዘብ ለመተካት በየወሩ ለአጎቴ እየላክሁ ነው፤ ግን ጉልበት በየወሩ አይከፈልም። ንጹሕ ሕሊና ያለው ሰው የተኛሁ ያህል የሚሰማኝ ሌሊት አለ፣ ከዚያ በግድግዳው በኩል አያቴ ሲነሱ እሰማለሁ። ለእሳቸው ሁሉንም ነግሬአቸዋለሁ፤ «ትንሽ ይቀረዋል» ያልኳቸውንም ጭምር። ሰሙኝና «መቋሚያዬን አቀብለኝ» አሉ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ገዢው ወጣት ነው፤ ዕቁብ ደርሶት፣ ወንድሞቹ ጨምረውለት፣ መኪናዋን ሥራ ሊያሠራት ነው። በሽያጩ ቀን በሩን ከፍቶ ካርቶኑን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳው፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሮ ስድስቱን ዜሮዎች አየ። «አዲስ መኪና ገዛሁ በላ» ብሎ ሳቀ። አብረን ሳቅን።

ፈርመን፣ ተጨባብጠን፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሊሄድ ሲል ቆም አለ።

«ሓወይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔም አንድ ቀን እሸጣታለሁ። ያኔ ይቺን ወረቀት ብልጣት...»

«መኪናዋ እኮ ያንተ ናት» አልኩት።

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ» አለኝ።